የሽሀብ ዳና

ሚያዝያ 22፣ ሐሲ መርዙግ

ወሬውን ያመጣው ሬዲዮ ነው። ጉድጓዱ ዳር ግመሎቹን ሳጠጣ መቶ አለቃ ቫሴል ከድንኳኑ ወጥቶ በዓይኑ ሲፈልገኝ አየሁት። ይህ ፈረንሳዊ፣ ሰው ሲያሳዝነው፣ ኮፍያውን ያስተካክላል። ኮፍያውን እያስተካከለ መጣ።

"ቡሐፍስ፣ ወንድምህ ሚሉድ ከቡድኑ ከድቷል። ግመሉንና ጠመንጃውን ይዞ ጠፍቷል።"

"ግመሉ የራሱ ነው ጌታዬ።"

"ጠመንጃው ግን የራሱ አይደለም" አለኝ።

እውነቱን ነው። በእኛ የግመል ጦር ሰው የሚገባው በገዛ ግመሉ ነው፤ ፈረንሳይ የምትሰጠው ጠመንጃና ደመወዝ ነው። ከአያቴ ጊዜ ጀምሮ ውሉ ይኸው ነው። ሚሉድ ሲቀጠር ሽሀብን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አመድማ ግመል ነው፣ ከግልገልነቱ በእጄ ያሳደግኩት። ሚሉድንም ያሳደግኩት እኔው ነኝ፤ አባታችን ሲሞት ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር።

ማታ ሻይ ላይ ሁሉም ስለ ሙቀቱ አወሩ። በዚህ አገር ስለ ሙቀት ምን የሚወራ አለ? ይሞቃል፣ አለቀ። ስለ ሚሉድ ላለማውራት ነው።

ሚያዝያ 24

እስከ ዛሬ ፈረንሳይን ለማስወጣት በሰሜን የሚደረገው ጦርነት እኛ ጋ የሚደርሰው በወሬ ነበር። እገሌ ተራራ ወጣ፣ እገሌ ከነፃ አውጪዎቹ ጋር ተቀላቀለ እንባባላለን፤ የሰው ወንድም ስለነበረ ወሬው አይከብድም።

ያለፈውን እያነሳሁ እጥላለሁ። የረመዳን ፍቺ ዕለት እናታችን ድንኳን ተገናኝተን ነበር። ስንለያይ ሚሉድ ሽሀብ ላይ ቁጭ ብሎ፣ "ወንድም ጋሼ፣ አንተስ እስከ መቼ ነው ከእነዚህ ጋር?" አለኝ። ግመል ላይ ስንቀመጥ ሁለቱንም እግር አንገቱ ላይ ነው የምናሳርፈው። ሚሉድ ከልጅነቱ ጀምሮ ግራ እግሩን ያንጠለጥላል፤ ኮርቻ ያዞራል ብዬ ስንት ዘመን ጮኼበታለሁ። እና ምን ብመልስለት ጥሩ ነው? "ግራ እግርህን ሰብስብ።" ስለ አገር ጠየቀኝ፣ ስለ እግር መለስኩለት። ስቆ ሄደ።

ያኔ ወስኖ ነበር ማለት ነው። ጥያቄው ስንብት ነበር። እኔ ደግሞ ሁሉን አውቃለሁ ባይ!

መቶ አለቃው የአረብኛ ፊደል እየተማረ ነው። ይህን ደብተር ኮርቻዬ ከረጢት ውስጥ አይቶት፣ "ታስነብበኛለህ?" አለኝ። ስቄ አለፍኩት። ከእንግዲህ እጄን ሰብሰብ አድርጌ መጻፍ አለብኝ።

ሚያዝያ 29

መቶ አለቃው የጦሩን ታሪክ ይጽፋል። አለቆቹ ጠይቀውት ነው ወይስ ሲሰለቸው አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ይጠራኝና ስለ አያቴ ይጠይቀኛል። ሦስት ትውልድ ሙሉ በዚህ ጦር ያለን እኛ ብቻ ነን፤ አያቴ፣ አባቴ፣ እኔ። ሚሉድን እንቆጥረው እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሳሁም።

ነገርኩት። በመጀመሪያ ፈረንሳዮች ከሰሜን ወታደር ይዘው መጥተው ነበር። ወታደሩ ግመሉን ገደለው፣ በረሃው ወታደሩን ገደለው። በኋላ ወደ እኛ ወደ ሻዕምባዎች መጡና፣ "በገዛ ግመላችሁ ኑ፣ እንደለመዳችሁ ኑሩ፣ ጠመንጃ እንስጣችሁ" አሉን። አያቴ ለፈረንሳይ ፍቅር አልገባም። ቱዋሬጎች መንጋውን ዘርፈውት ነበር፤ ለመንጋው ነው የገባው። ይህን ስነግረው መቶ አለቃው ሳቀ፣ ግን ጻፈው።

ከዚያ የባዶውን ግመል ታሪክ ነገርኩት፤ በቤታችን የሚወደደው እሱ ነው። አያቴ በዘመቻ ላይ ሳለ ጠላትን እያሳደዱ የአንድ ግመል ዳና ያቋርጣቸዋል። አያቴ አይቶ፣ "ባዶ ነው" አለ። ባዶ ግመል እንደ ሰካራም ነው፤ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እየዞረ ይግጣል፣ አረጋገጡም ይቀላል። ሕፃን ያውቀዋል። በእኛ ሕግ ባዶ ግመል ዳና ያየ ሰው ወደፊት አይከተልም፣ ወደኋላ ይሄዳል፤ ከኋላ ውሃ የሌለው ሰው አለና። የፈረንሳዩ መኮንን ዘመቻው ይበልጣል ብሎ ጮኸ። አያቴ ግመሉን አዙሮ ወደኋላ ሄደ፣ ሌላውም ተከተለው። ምሽት ላይ ሰውየውን ከነነፍሱ አገኙት። ያውም የሚያሳድዱት የጠላት ወገን ነበር። አጠጡት፣ አበሉት፣ ከዚያ ማረኩት።

"ከዚያ ማረኩት!" አለ መቶ አለቃው፣ በጣም ወደዳት።

እኔም ስነግረው ደረቴ ተነፋ። ወጥቼ ብቻዬን ስሆን ግን ሚሉድ የሚያድርበት አገር የት እንደሆነ አሰብኩ።

ግንቦት 5

ትእዛዝ መጣ። ከአሸዋው ባሕር ጠርዝ ጠርዙን እየሄድን ከጂዎቹን እንድንፈልግ። ከሚሉድ ጋር ሌሎችም ጠፍተዋል። መቶ አለቃው ሰብስቦ ነገረን፤ "ያገኘነውን በሕይወት እንይዛለን። ከዚያ ወዲያ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።"

ፍርድ ቤት ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግድግዳ ነው፤ ከግድግዳው ፊት ለፊት የተሰለፈ ጠመንጃ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ዳና የምትመራው እንደ ሁልጊዜው አንተ ነህ። አምንሃለሁ" አለ። ለኔ ብሎ ነው፣ ክብሬን ሊጠብቅ። ከጀርባዬ ላኽደር የሚባለው አፈኛ፣ "ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ነው የሚባለው" ሲል ሰማሁት። ዞር ስል የግመሉን ጥርስ እያየ ነበር።

ግንቦት 9

ሙቀት። የአሸዋ ነፋስ ከጧት እስከ ማታ። ምንም አላገኘንም። አልሐምዱሊላህ።

ግንቦት 13፣ ቀትር

ዳና አገኘን። አንድ ግመል፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። የጨው ነጋዴ ነው፣ የቆየ ነው አልኩ። ወደ ደቡብ ታጠፍን። በኋላ እጽፋለሁ።

ግንቦት 13፣ ማታ

መቶ አለቃው ከፊደሉ ገና ሦስተኛው ላይ ነው፤ ማንበብ እስኪችል ዳናውን ነፋስ ይወስደዋል። ስለዚህ ልጻፈው፣ አለበለዚያ ልፈነዳ ነው።

የሽሀብ ዳና ነው። በግልገልነቱ ፍም ረግጦ በቀኝ የኋላ እግሩ መዳፍ ላይ ማጭድ የመሰለ ጠባሳ ቀርቶበታል። ከግመሌ ሳልወርድ ነው ያወቅሁት። ቢሆንም ወረድኩ፣ ተንበረከክሁ፤ ፊቴን መሬት ላይ ልደብቀው። ጥዋት የተረገጠ ነበር። ሌሊት የሚሄዱት ጥንዚዛዎች ገና አላቋረጡትም።

"የማን ነው?" አለ መቶ አለቃው ከላይ ሆኖ።

"የጨው ነጋዴ ነው ጌታዬ። ሳምንት ያልፈዋል።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አያ ቀዱር፣ የቡድናችን ሽማግሌ፣ የአባቴ የዘመቻ ጓደኛ፣ ከጎኔ ቆሞ ዳናውን ያይ ነበር። ላኽደርም ያይ ነበር። ጥንዚዛ እንዳላቋረጠው እኔ ካየሁ እነሱም አይተዋል። አልፈራሁም ግን። በእኛ ዘንድ የሰው ዘመድ ዳና ሲገኝ ቃሉ የዘመዱ ነው፤ ሌላው አፉን አይከፍትም። አልከፈቱምም።

ዳናውን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ወደ ግራ ትንሽ ያዘነብላል፤ ያ የፈረደበት ግራ እግር ነው፣ ዛሬም አልሰበሰበውም! አረጋገጡም ቀለል ብሏል። ልጁ ከስቷል፣ ምን አግኝቶ ይበላል። ሽሀብ ረተም ቁጥቋጦው ሁሉ ጋ እየቆመ ግጧል። ሚሉድ ራሱ ይራብ እንጂ ግመል አያስርብም፣ ይህን ከእኔ ነው የተማረው። እሱ መሆኑን በዚህም አውቄዋለሁ።

በሕይወት አለ። ወደ ምዕራብ እየሄደ ነው፣ ከእኛ እየራቀ። ብርድ ልብሴን ጥርሴ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ግንቦት 14

አያ ቀዱር ግመሉን ነድቶ ከጎኔ ደረሰ። ወደ እኔ ሳያይ፣

"ለመቶ አለቃው የአያትህን ታሪክ ነገርከው አሉ።"

"ነገርኩት።"

"እስከ መጨረሻው?"

"እስከ መጨረሻው አያ ቀዱር። ምነው?"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" አለና ልጓሙን ስቦ ወደ ኋላ ቀረ።

ምን ማለቱ ነው? አያትህ ፈረንሳይን በታማኝነት አገልግሏል፣ አንተ ትዋሻለህ ማለቱ ይሆናል። ሽማግሌ ሲያረጅ ለመንግሥት ያደላል። ሚሉድን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቴምር ያጎርሰው የነበረ ሰው እንዴት እንዲህ ይለኛል? ከፋኝ።

ግንቦት 15

ጥዋት አያ ቀዱር ኮርቻውን ጭኖ ወደ ሰሜን እያየ ቆሞ ነበር። ሁሉም ጭነው ቆመዋል። እኔን የሚጠብቁ መሰሉ። "ወደ ደቡብ" አልኩ።  ላኽደር መሬት ላይ ተፋ።

ግንቦት 22

ሻይ ሦስት ብርጭቆ ነው፤ መጀመሪያው መራራ፣ መጨረሻው ጣፋጭ። ከዚያ ዳና ወዲህ ሦስተኛው ደርሶኝ አያውቅም። እኔ ስቀመጥ አንዱ ግመሉን ሊያይ ይነሳል፣ ሌላው ሊተኛ ይነሳል፣ ብርጭቆዬን ይዤ ከጀበናው ጋር እንፋጠጣለን። አሸዋ ውስጥ ከጋገርነው ቂጣም ድርሻዬን ጨርቅ ላይ ያስቀምጡልኛል እንጂ ከእጃቸው አይሰጡኝም።

ይገባኛል። መቶ አለቃውን መዋሸቴን አይተዋል። ነገ ቢጋለጥ ሁላችንም እንጠየቃለን ብለው ይፈራሉ። ይፍሩ። ስለ ሚሉድ ስል ሻዩ ሁሉ መራራ ይሁን።

ሰኔ 1

መቶ አለቃው ብቻ ነው የሚያወራኝ። ስለ አባቴ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ፈረንሳዊው ከሚስቱ ደብዳቤ ከመጣለት ስንት ጊዜ እንደሆነው ነገረኝ። ሁለት የተጣሉ ሰዎች አንድ ድንኳን ጥላ ሥር እንደተቀመጡ ነው የምንመስለው፤ እሱ ግን የተጣላን አይመስለውም። ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ደግ ቃል የማገኘው ወንድሜን ሊያስገድል ከሚፈልገው ሰው ነው። የዋሸሁት እሱን፣ የሚያምነኝም እሱ።

ሰኔ 8

ከጨው ነጋዴዎች ጋር ተገናኘን፤ እውነተኞቹ። በስተምዕራብ አዲስ ሰው አይታችኋል ወይ ብዬ በጎን ጠየቅኋቸው። አላየንም አሉ። ጎበዝ ሚሉድ። ሰው እንዳያየው ነው የሚሄደው።

ሌሊት ያ ቀላል ዳና ይመጣብኛል። ያን ያህል ከስቶ ይሆን? በረመዳን ፍቺ ዕለት ስናቅፈው ደልደል ያለ ነበር። ጠመንጃውን ጥሎት ይሆናል። አዎ፣ ጠመንጃ ይከብዳል። ጥሎት ነው።

ሰኔ 20፣ አረፋ

በግ አረድን፣ ሐሲ ነዕማ ከሚባለው ጉድጓድ አንድ ቀን መንገድ ላይ። ከሰላት በኋላ ሰው ሁሉ እየተቃቀፈ ዓፉ፣ ይቅር በለኝ፣ ይባባላል፤ የአረፋ ቀን ቂም አያድርም። እኔን በጣታቸው ጫፍ ጨበጡኝ። አያ ቀዱር ጋ ሄጄ ራሱን ሳምኩት፣ የአባቴ ጓደኛ ነውና። እንደ ድንጋይ ቆመልኝ።

"አያ ቀዱር፣ ዓፉ በለኝ።"

"የእኔ ዓፉታ ምን ያደርግልሃል" አለኝ። "ዓፉ የሚልህ ሌላ ነው።"

ሥጋው ሲጠበስ ላኽደር ጮክ ብሎ፣ "ወንድም ያለው ሰው ዛሬ ጉበቱን ከወንድሙ ጋር ይበላ ነበር" አለ። ማንም አልሳቀም። ተነሥቼ ላንቀው ነበር፤ መቶ አለቃው ያየናል ብዬ ተውኩት። ብቻዬን ከአሸዋው ጀርባ ሄጄ በላሁ፤ ግማሹን ሥጋ ቀበርኩት።

ሚሉድ ዛሬ የት ይሆን? ሰሜን ደርሶ ከሆነ በግ ያርዱለታል። ጉበት ይወዳል።

ሰኔ 22፣ ሐሲ ነዕማ

ሽሀብ እዚህ ነው።

ከአንዲት እረኛ ግመሎች ጋር ቆሞ ነበር። ድምፄን ሰምቶ መጣ። ኮርቻውን እረኛዋ አውርዳ አስቀምጣዋለች። "ከአረፋ ብዙ በፊት ብቻውን መጣ" አለችኝ። "ኮርቻው ወደ ግራ ዞሮ ሆዱ ሥር ተንጠልጥሎ ነበር። የውሃው ስልቻ እንደታሰረ ነው። ጠመንጃውም አለ። ባለቤቱን ብንፈልግ ነፋስ ነበር፣ ዳናው ጠፋብን።"

ወደ ግራ ዞሮ። ወደ ግራ።

ሰኔ 23

ሌሊቱን ተነሥቼ ሽሀብን እየሳብኩ ወደ ምሥራቅ ሄድኩ። ጎሕ ሲቀድ ዞር ብል ሁሉም ከኋላዬ አሉ። መቶ አለቃው ማን አዘዘ ብሎ ሲጮህ አያ ቀዱር፣ "ባዶ ግመል ተገኝቷል ጌታዬ። ወደኋላ መሄድ ሕጋችን ነው፤ ጽፈኸዋል" አለው። መቶ አለቃው ግመሉን ነድቶ ተከተለን።

ሰኔ 25

አገኘነው።

ወደ ደቡብ ታጠፉ ካልኩበት ቦታ አንድ የአሸዋ ክምር ብቻ ነው የሚለየው። ክምሩ ላይ ብወጣ ኖሮ ረተሙ ይታየኝ ነበር። ከረተሙ ሥር ነው ያለው። መሬቱ ጠጠርና ደረቅ ጭቃ ስለሆነ ዳናው አልጠፋም። አያ ቀዱር እየተከተለ አነበበልን፤ እኔ ማንበብ አልቻልኩም፣ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ነበር።

ለንጋቱ ሰላት፣ ለፈጅር፣ ወርዷል። ድንጋይ ደርድሮ ሰግዷል። ግመሉን አላሰረውም። ሽሀብ እኮ አይታሰርም፣ ከጌታው አይርቅም፤ እኔ ነኝ እንዲያ አድርጌ ያሳደግኩት፣ ስኮራበትም የኖርኩት። የኮርቻው ጠፍር ተበጥሶ ሆዱን ሲመታው ደንብሮ ሮጠ። ሚሉድ ተከተለው፣ ሮጠ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ጥላ ፈልጎ መጣ።

"ቀትር ላይ በሕይወት ነበር" አለ አያ ቀዱር። "በማግሥቱም ነበር። እዚህ ጋ በማግሥቱ ጥላውን ተከትሎ ዞሯል።"

በማግሥቱ። እኔ በማግሥቱ ወደ ደቡብ እየመራኋቸው ነበር።

ቀበርነው። አፈሩን ከመለስን በኋላ መቶ አለቃው ዙሪያውን አየ፣ ያን የአሸዋ ክምር አየ። ሞኝ አይደለም። "ቡሐፍስ፣ የጨው ነጋዴ ነው ያልከኝ እዚህ አካባቢ አይደለም?"

የእጄን አፈር አራገፍኩ። ግድግዳውን አየሁት፣ እውነቴን ነው፤ ምንም አልመሰለኝም።

"ነፋስ ነበር ጌታዬ" አለ አያ ቀዱር። "እኔም አይቼዋለሁ። የቆየ ይመስል ነበር።"

"እኔም አይቼዋለሁ፣ የቆየ ነበር" አለ ላኽደር። ሌሎቹም ተራ በተራ እንዲያው አሉ።

ሰኔ 25፣ ማታ

አያ ቀዱርን ለብቻው አገኘሁት። "አላህ ይስጥልኝ" አልኩት።

"ለአንተ ብዬ አይደለም። ለእናትህ ነው። አንድ ልጅ መቅበር ይበቃታል።"

"አያ ቀዱር፣ በአላህ ይሁንብኝ፣ ሰው የጫነ መስሎኝ ነው።"

ከዚያ ዳና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። "ስማ፣ ቡሐፍስ። በፈረንጅ ግድግዳ ሥር ከሚሞት በአላህ ሜዳ ይሙት ብለህ ፈርደህ እንደሆነ፣ ከባድ ፍርድ ነው፣ ግን አፌን ዘግቼ ልሸከምልህ እችላለሁ። ቃሉ ያንተ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን እንኳ ትመለሳለህ ብለን ጭነን ጠበቅንህ። አሁን በሬሳ ላይ አትዋሽ። የእናንተ ቤት ሰው ነው ባዶ ግመል የማያውቀው? ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል።"

ለካ እንዲያ ነው። የጠሉኝ ወንድሜን ስለሸሸግኩ መስሎኝ ነበር፤ እነሱ የጠሉኝ ጥዬው ስለሄድኩ ነው። ያን ሁሉ ሻይ ብቻዬን የጠጣሁት ወንድሙን ገዳይ ተብዬ ነው። "ለምን አልነገራችሁኝም?" ልለው ነበር። ነግሮኛል እኮ። "እስከ መጨረሻው?" ብሎኛል።

እኔ እንዳላየሁት ማን ያምናል? እኔ ራሴ ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም።

ሐምሌ 2

መቶ አለቃው የጻፈውን አነበበልኝ። የአያቴ ታሪክ በሙሉ አለ፣ አሳምሮታል። ከዚያ የዘንድሮው፤ አንድ ከጂ በጥም ሞቶ ተገኘ፣ ዳናውን ነፋስ አጥፍቶት ነበር። ስም የለውም። "ስሙን ያልጻፍኩት ለቤተሰባችሁ ክብር ብዬ ነው" አለኝ፣ ኮፍያውን እያስተካከለ። "ልጨምርበት የምትፈልገው አለ?"

የለም አልኩት።

እናቴን እንዳይ ፈቃድ ሰጠኝ። ሽሀብንም ይዤ እንድሄድ።

ሐምሌ 10፣ መትሊሊ አጠገብ

እናቴ እኔ ሳልደርስ ሰምታለች። ለቅሶው አልፎ፣ ሴቶቹ ሄደው፣ የግመል ፀጉር እየፈተለች ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንዝርቷን አላቆመችም።

"ዳናውን አየኸው?"

"አየሁት እማ።"

"ሽሀብ መሆኑን አወቅህ?"

"አወቅሁ።"

"እና?"

"ሰው የጫነ መስሎኝ ነው። አምልጦ የሚሄድ መስሎኝ ነው፤ እንዳይከተሉት ብዬ ነው።"

እንዝርቱ ዞረ፣ ዞረ። "ባዶን ከጫነ እንድትለይ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ" አለች። "አምስት ዓመት አልሞላህም ነበር።"

 ማታ ወተት ሰጠችኝ፣ ሳሕኑን መሬት ላይ አስቀምጣ። እንደ እነ ላኽደር።

ሐምሌ 12

ነገ ወደ ጦሩ እመለሳለሁ። ሌላ የምሄድበት የለኝም።

ዛሬ አመሻሽ ላይ ከዓስር ሰላት በኋላ ሽሀብን ይዤ ከድንኳኑ ጀርባ ወዳለው ንጹሕ አሸዋ ወጣሁ። ባዶውን ለቀቅሁት፣ እየጋጠ ሄደ። ዳናውን አየሁ። ከዚያ ኮርቻ ጭኜ ተቀምጬበት በጎኑ ነዳሁት፤ ወርጄ አየሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ልዩነቱን ዓይነ ስውር በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል። ወደ ባዶው ተመለስኩ። ተንበረከክሁ። ባዶ መሆኑን አውቃለሁ፣ ራሴ ነኝ የለቀቅሁት። ደጋግሜ አየሁት። ወላሂ፣ ዛሬም ሰው አለበት። ሚሉድ አለበት።

እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆማ ኖሯል።

"ምን ትሠራለህ?"

"ባዶውን ዳና አያለሁ።"

"ምን ይታይሃል?"

ልነግራት አልፈለግኩም። "እሱ" አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እጇን ጉልበቷ ላይ ተመርኩዛ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች፣ ጀምበሯ የዳናውን ጠርዝ ሁሉ አጠቆረችው። ከዚያ በጣቷ አንዱን ዱካ ሳትነካው ዞረችው፣ ሌላውን ዞረችው።

"ግራ እግሩን አንጠልጥሎ" አለች።

"አዎ እማ።"

አጠገቤ አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

"ስንቴ ነገርኩት" አለች።